የሀርላን መኪናና የጎደለው ፔዳል

ኤልዊን ብሩባከር የመኪና ዋጋ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሰው ወንበር ይፈልጋል። ገበሬው ከነጭቃ ጫማው፣ የባንኩ ሰውዬ ከነክራቫቱ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። በእኛ ኢንዲያና ጓሮው ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል፤ ኤልዊን ደግሞ እንደ ሐኪም ዝቅ ባለ ድምፅ እውነቱን ይነግረዋል። ተቆጥቶ የወጣ አለ፣ እንባውን የጠረገም አለ። «ተሳስተሃል» ብሎ ተመልሶ የመጣ ግን አላየሁም። ይህን የምለው ሃያ አራት ዓመት አብሬው ስለሠራሁ ነው። ኦፓል እባላለሁ። የግምቱን ወረቀት የምተይበው፣ ስልኩን የማነሳው፣ ሲያበሳጨኝም የምጮህበት እኔ ነኝ።

ለሥራ ሲወጣ በአሮጌ ካልሲ የጠቀለለው ማግኔት ኪሱ ውስጥ አለ። ማግኔቱን በመኪናው ገላ ላይ ያንሸራትተዋል፤ መያዙን የተወ ቦታ ከቀለሙ ስር ስቱኮ ተለጥፏል ማለት ነው። የጥርስ ሐኪም መስታወትም አለችው፤ በእሷ እጅ የማይገባበትን ያያል። ደብተሩ ላይ ደግሞ በሕይወቱ ያየውን መኪና ሁሉ ማይል ጽፏል። ሕጉ ሁለት ነው፦ ሳያይ ዋጋ አይናገርም፣ የገመተውን መኪና አይገዛም። «ገማች ከገዛ ዳኛው ራሱ ከሳሽ ሆነ ማለት ነው» ይላል።

ጥፋቱ ምላሱ ነው። ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን እያንዳንዷን ቃል ይመዝናል፤ ሰው ቤት ተቀምጦ ሹካ ሲይዝ ግን ያገኘውን ይወረውራል፣ እኛም እንስቃለን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኤልዊን ራስ ተመልጦ ካለቀ ቆይቷል።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ወይዘሮ ቬርና ዊትመር ደወሉ። ባለቤታቸው ሀርላን የሞተው በኅዳር ነው፤ ቀብሩ ላይ ሁለታችንም ነበርን። ስልኩን ለኤልዊን ሰጥቼ ሥራ የያዝኩ መስዬ አዳመጥኩ። ጆሯቸው ስለከበደ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ ለመስማት መጠጋት አያስፈልግም።

«ኤልዊን፣ ያቺን የሀርላንን ቀይ መኪና ልሸጣት ነው።»

«የስልሳ ሰባቷን?» ኤልዊን ከወንበሩ ተነሳ። «ማንም አልነካትም አይደል?»

«ማን ይነካታል! ከሀርላን በቀር እጁን ያሳረፈባት የለም። አንድ ማይል እንኳ አልጨመረችም።»

መኪናዋን እኔም አውቃታለሁ። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ የዚያ መኪና ማኅበርተኞች በደብዳቤ ያሰለቹኛል። ሀርላን በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ጸደይ ሲገዛት ከስፖርት መኪኖቹ ሁሉ ርካሿ ስታንዳርድ ነበረች። ስድስት ሲሊንደር፣ ሦስት ማርሽ፣ ሬዲዮ የለ፣ ሰዓት የለ፤ ሰዓቱ በሚገባበት ቦታ ባዶ ቆርቆሮ ተለጥፎበታል። አንድ በጋ ነዳት። በጥቅምት የበቆሎ መልቀሚያው ማሽን ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወሰደበት። ግራ እግር የሌለው ሰው ፍሪሲዮን አይረግጥም። መኪናዋ በሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ማይል መጋዘን ገብታ ቀረች። እኔና ኤልዊን ያየናት በዘጠና ዘጠኝ ክረምት፣ የሀርላንን አባት የጭነት መኪና ልንገምት ሄደን ነው።

በዚያን ጊዜ ስታንዳርድ መኪና ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር። ሰው የሚፈልገው ባለ ስምንት ሲሊንደሯን፣ ፉል ኦፕሽኗን ነው። ስታንዳርዷን የያዘ ሁሉ ሞተሯን እያወጣ ትልቅ ከተተባት፣ መስመር ቀባባት፣ ያልሆነችውን አስመሰላት። እንዲህ እያለ እያለ ከፋብሪካ እንደወጣች የቀረች ስታንዳርድ ከአገር ጠፋች። የጠፋ ነገር ደግሞ ይፈለጋል። ወይዘሮ ቬርና በደወሉበት ዓመት ብቻ እንደ ሀርላን መኪና ያሉ ሦስት ተሸጠው፣ ኤልዊን የእያንዳንዳቸውን ዋጋ ሲሰማ ያፏጭ ነበር።

«ስንት ታወጣለች?» አሉት ወይዘሮ ቬርና።

መጥቼ አያለሁ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

«ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር» አለ።

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያይ ዋጋ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«እንግዲያው ከዶሪን አጠገብ ያለውን ቤት ያዝኩት!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ቬርና። ዶሪን እህታቸው ናት፤ ሠላሳ አንድ ማይል ርቃ ሚልግሮቭ ትኖራለች። ወይዘሮ ቬርና ዓይናቸው መንገድ መለየት ስለተወ ከመከር ወዲህ መሪ አልያዙም፤ እህታቸውን ካዩ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ከዶሪን ጎን ያለው ደረጃ የሌለው ትንሽ ቤት ሊሸጥ ነው፤ ባለቤቷ እስከ ቅዳሜ ልታቆይላቸው ቃል ገብታለች። «አሁኑኑ ደውዬ እሺ እላታለሁ። ኤልዊን ካለ አለ ነው!»

ስልኩ እንደተዘጋ ተነሳሁበት። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?»

«ኦፓል፣ መኪናዋን በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት! እኔም ያኔ ወገብ ነበረኝ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ሄድን። ወይዘሮ ቬርና ፓይ ምድጃ ውስጥ እንዳላቸው በመስኮት ጮኸው ነገሩንና ብቻችንን ወደ መጋዘኑ ገባን። ኤልዊን ሸራውን ገፈፈ። ቀዩ ቀለም ደብዝዟል፣ ግን የፋብሪካው ቀለም ነው። ማግኔቱ ከበር እስከ በር እየያዘ ሄደ። የቸርኬዎቹ ክዳኖች እንኳ እነዚያው የድሃዎቹ ናቸው። በመስኮት ወደ ውስጥ አየና ደብተሩን ገለጠ።

«ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት። አንብቢልኝ፣ ቆጣሪው ላይ ስንት ይላል?»

«ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት» አልኩት።

«ሠላሳ ስምንት አልኩ? አርባም ይሰጣሉ!» በሩን ከፈተ። ማይል ቆጣሪ ሊዋሽ ይችላል፣ የፔዳል ጎማ ግን አይዋሽም ባይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው ፔዳሎቹን ነው። ጎንበስ አለ። እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ምን ሆንክ? ወገብህ ነው?»

«ኦፓል፣ ፔዳሎቹን ቁጠሪልኝ።»

ቆጠርኩ። የነዳጁ አለ፣ የፍሬኑ አለ። ፍሪሲዮን የለም። ወለሉ ላይ፣ ሦስት ማርሿ በነበረችበት፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘንግ ቆሟል።

ኤልዊን ዞሮ ኮፈኑን ከፈተ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ያ ትንሽ ሞተር እንደ ሕፃን በአልጋው ተኝቶ የነበረበትን ሰፊ ቦታ አስታውሳለሁ። አሁን እጅ ማስገቢያ የለም። ስምንት ሲሊንደር ሞተር ግራና ቀኝ ሞልቶ ተቀምጧል፤ እሱን ለማስገባት ደግሞ የመኪናዋ ብረት በሁለቱም በኩል በእሳት ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል። ብየዳው ንጹሕ ነው። ያን ያህል ንጹሕ መሆኑ ነው ልቤን ቀጥ ያደረገው፤ የተጣደፈ ሰው ሥራ አይደለም።

ኤልዊን የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሰምቶ የሚቀመጠው እሱ ሆነ። ፊቱ አመድ መሰለ።

በዚህ መሃል ወይዘሮ ቬርና ፓዩን በሳህን ይዘው፣ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። «አያችኋት? አሥራ አንድ ክረምት ነው የፈጀባት! የአደን ጠመንጃዎቹን ሸጦ ነው ሞተሩን የገዛው። እዚህች ምድጃ አጠገብ በአንድ እግሩ ቆሞ ይበይዳል፤ ግባ ብለው አይገባም። ‹እኔ ስሄድ ለአንቺ መሬት የምትገዛ መኪና ትሁን› ይለኝ ነበር።»

«ማነው… ማነው እንዲህ አድርግ ያለው?» አለ ኤልዊን።

«ማን ይሆናል? አንተ ነሃ!» ሳቁ። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ የኔን ፓይ እየበላህ! ‹ሀርላን፣ ስድስት ሲሊንደር እንደ ኦፓል ያለች ጸሐፊ ገበያ የምትሄድባት ናት፤ ስምንት ብትሆን ኖሮ መሬት ትገዛባት ነበር። ያላት ነገር ማይሏ ብቻ ነው፣ እሱን ጠብቅ› አልከው። ሀርላን ቃል በቃል ይዟት ነበር። እንደ ጸሎት ይደግማት ነበር እኮ።»

ኤልዊን አላስታወሰም። ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፣ ውሸት ነው በይኝ የሚል ዓይን። እኔ ግን አስታወስኩ። ቀልዱ በእኔ ላይ ስለነበር አስታወስኩ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ሀርላን አልሳቀም፤ ክራንቹን ይዞ በመስኮት ወደ መጋዘኑ ያይ ነበር። ክው አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሲባል ከልጅነቴ እሰማለሁ፤ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው።

«ቬርና» አለ ኤልዊን ብድግ ብሎ፣ «የድሮው ሞተርስ? የድሮው ካምቢዮ? ገበሬ ዕቃ አይጥልም። የት አስቀመጠው?»

ተስፋው ገባኝ። ብረቱ ቢቆረጥም የራሷ ሞተር ከተገኘ ግማሹ ዋጋ ይድናል።

«ካምቢዮውን ለቁራሌው ሰጠው። ሞተሩ ግን አለ፣ እንዴት ይጥለዋል!» ወይዘሮ ቬርና በበሩ በኩል ወደ ኩሬው አመለከቱ። ኩሬው መሃል የእህታቸው የልጅ ልጆች በበጋ የሚዘሉበት ተንሳፋፊ ጣውላ አለ። «ጣውላው በነፋስ እየሄደ አስቸገረን። ሀርላን በሰንሰለት ከሞተሩ ጋር አስሮ አሰጠመው። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅ ሳቅ አልነበረም፤ ሌላ የምሆነው አጥቼ ነው። ኤልዊን ጀርባውን ለኩሬው ሰጠ።

ከዚያ ያደረገውን ነገር እስከምሞት አከብርለታለሁ። አልተወም፣ አልሸሸም። «ኦፓል፣ ጻፊ» አለኝና ሥራውን ከሀ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሆዱ እየተሳበ፣ በመስታወቱ እያየ፣ ያየውን ጮክ ብሎ ተናገረ። ቀለሟ የራሷ፣ ታፒሴሪያዋ የራሷ፣ ዝገት የለም፤ ይህ ለእሷ። ቆጣሪው እውነቱን ነው የሚናገረው፣ ግን ያን ማይል የሄደው ሞተር ኩሬ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማይሉ ምስክር የሌለው ቃል ሆነ። ትልቁ ሞተር ጥሩ ነው፣ ግን ማንኛውም ሰው ገዝቶ ሊከተው የሚችለው ነው። ስታንዳርድ እንዳትባል ተቆርጣለች፤ ፉል እንዳትባል አልተወለደችም። «ፍትሐዊ ዋጋ ማለት» ይለኝ ነበር ሥራ ስጀምር፣ «ሻጩ ሳያፍር፣ ገዢው ሳይጸጸት የሚጨባበጡበት ነው።» የዚያን ቀን ወረቀቱ ግርጌ ያጻፈኝ አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው።

ወደ ማድ ቤት ገብተን ነገራቸው። ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ወይዘሮ ቬርና የጠረጴዛውን ልብስ በጣታቸው ያስተካክሉ ጀመር። «ለቤቱ ባለቤት ማክሰኞ እሺ ብያታለሁ» አሉ። «ሌላ ገዢ መልሳ ነው የጠበቀችኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ኤልዊን። «ያኔም የኔ፣ አሁንም የኔ። ሠላሳ ስምንት ብያለሁ፣ በሠላሳ ስምንት እኔ እገዛታለሁ። ቅዳሜ ሳይደርስ ገንዘቡን አመጣለሁ።»

ሁለተኛውም ሕግ እንዲህ ሊፈርስ ነው አልኩ በልቤ። ቤቱን አስይዞ እንደሚያመጣው ደግሞ አውቃለሁ፤ ሌላ ከየት ያመጣል?

«ስንት ነው ያልሽው ኦፓል፣ ወረቀቱ ላይ?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»

«ፈርመህበታል?»

«ፈርሜበታለሁ።»

«እንግዲያው ዋጋዋ እሱ ነው። ሀርላን እስከ ሰባ ስምንት ዓመቱ ድረስ አንድ ሽንኩርት ከዋጋው በላይ ሸጦ አያውቅም። አሁን ሞቶ ሊጀምር ነው? ገንዘብህን ያዝ፣ አንተ ሞኝ።» ድምፃቸው አልተነሳም። እጃቸው ግን የጠረጴዛውን ልብስ ጨምድዶ ያዘው።

ፓዩን ማንም አልነካውም። ከዚያ እኔ፣ ዝምታ የማልችለው፣ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

«ወይዘሮ ቬርና፣ ሀርላን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ለምን አልነዳትም? አውቶማቲክ ናት፤ በቀኝ እግር ብቻ ትነዳለች።»

«ለዚያም ነዋ አውቶማቲክ ያደረጋት» አሉኝ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። «በአንድ እግሩ እንዲነዳት። እሑድ እሑድ የመጋዘኑን በር ከፍተን፣ እኔ ቦርሳዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ሞተሩን ያስነሳል። ‹የት እንሂድ?› ይለኛል። ‹ዶሪን ጋ› እለዋለሁ። እንስቃለን። ከዚያ ያጠፋዋል። አንድ ቀን እስከ መንገዱ ድረስ እንኳ ብለው ‹አይሆንም፣ ኤልዊን ማይሏን ጠብቅ ብሏል› አለኝ።»

ኤልዊን ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። የሠላሳ ስምንቱ ሺህ መጥፋት አመድ አድርጎት ነበር፤ ይሄኛው ግን ገደለው። ከጣቶቹ መሃል የወጣውን ድምፅ ከሰው ሰምቼ አላውቅም። ሀርላን መኪናዋን ሊነዳት ሠርቷት፣ በኤልዊን ቃል ምክንያት ሳይነዳት ሞተ። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ወይዘሮ ቬርና ጠበቁን። ስንረጋ «ኤልዊን፣ አሁን ማይሏ ዋጋ አለው?» አሉ።

«የለውም።»

«ምንም?»

«መቶ ማይል ቢጨመር አንድ ዶላር አይቀንስም። ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ።»

«መጻፍህን ተወው። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው» ብለው ተነሱና ቦርሳቸውን ፈለጉ።

ሰሌዳዋ ያለፈበት ነው ብዬ ጮኽኩ፤ ማን ሰምቶኝ። ባትሪውን ከእኛ መኪና ጋር አገናኝተን አስነሳናት። ወይዘሮ ቬርና በቦታቸው፣ ኤልዊን መሪው ላይ፣ እኔ ከኋላ ለሕፃን በተሠራችው ወንበር ላይ ታጥፌ። ኤልዊን ሊነሳ ሲል እንደ ልማዱ ግራ እግሩን አንስቶ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ሞከረ። እግሩ ባዶውን ወለል መታ። ደንግጦ ወደ ታች አየ፤ ሀርላን ያጣትን እግር ቦታ ያየ ይመስል ዓይኑ እዚያው ላይ ቀረ። ከዚያ መኪናዋን ቀስ አድርጎ ከመጋዘኑ አወጣት።

የእርሻው ጠጠር መንገድ መጨረሻ ሳንደርስ ቆጣሪው ላይ አራቷ ቀስ ብላ ዞረች። አርባ አምስት ዓመት የቆመችው አራት አምስት ሆነች። ወይዘሮ ቬርና ማየት ስለማይችሉ ነገርኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እስክንመለስ ድረስ አላነሱትም።

የሚልግሮቩ ቤት ለሌላ ተሸጠ። ወይዘሮ ቬርና አልጋቸውን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አስወርደው እርሻቸው ላይ ቀሩ፣ መኪናዋንም አልሸጧትም። ሰሌዳ ወጣላት። ይኸው ሦስት ዓመት ኤልዊን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሚልግሮቭ ይወስዳቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። ደብተሩ ላይ ማይሏን ይጽፋል። ጥር በገባ ቁጥር ግምቷን ያድስና ያስተይበኛል፤ ዘንድሮ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። እየቀነሰች የምትሄድ መኪና በደስታ ሲገምት ያየሁት እሷን ብቻ ነው። ሰው ቤት ተቀምጦ እየበላ «ያቺ መኪናዬ ስንት ታወጣለች?» የሚለው ሲመጣ ግን ሹካውን ያስቀምጣል።

ባለፈው እሑድ እኔም ከኋላ ነበርኩ። ሚልግሮቭ መግቢያ ቀይ የትራፊክ መብራት ላይ ስንደርስ ግራ እግሩ እንደ ልማዷ ተነስታ ባዶውን ወለል መታች። ፊቱን በመስታወቱ አየሁት። ልክ እንደዚያ ሐሙስ ክው ብሎ ነበር። ወይዘሮ ቬርና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉና «መብራቱ አረንጓዴ ሆነ እንዴ?» አሉት።